ስለ ጓሮ ተክል አደላደል በአንበሳሜና በፎገራ ሜዳ

እርሻ በተባለ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ጥማድ በሬና ሰፊው ማሳ ነው። ከቤቱ ግድግዳ እስከ አጥሩ ያለችው ጥቂት መሬት ግን ከቁጥር ሳትገባ የእንጨት መከመሪያ፥ የአመድ መድፊያና የዶሮ መጫሪያ ሆና ትኖራለች። የሰብል መጠን በሚመዘገብበት ጊዜም ስለ እርስዋ የሚጠይቅ ሹም እምብዛም አይገኝም። ዳሩ ግን ከቤተ ሰቡ መሬት ሁሉ ለውሃው፥ ለፍጉና ለባለቤቱ ዓይን የምትቀርበው ይህችው ጓሮ ናት። ስለዚህ ጓሮ እንዴት ቢደላደል ከወር ወር ለቤተ ሰቡ የሚበላ ነገር እንደሚያወጣ፥ ሹማምንትም በዚህ ሥራ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው፥ የደራንና የፎገራን አገር ምሳሌ አድርገን እናስረዳለን።

የደራ ወረዳ ከተማ አንበሳሜ ከሜዳው ወጣ ባለው አገር ስትገኝ፥ የፎገራ ወረዳ ከተማ ወረታ ደግሞ ከሜዳው ጋራ የተያያዘች ናት። ሁለቱን አገር የሚያዋስነው የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ወገን ወርዶ ወደ ጣና ይገባል፤ የርብ ወንዝም እንዲሁ። የጣና ባሕር ወለል ከ1,780 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በዙሪያው ያለው ሜዳ ሙቀቱ መጠነኛ የሆነ ወይና ደጋ ነው። ውርጭ አይጎዳውም፤ ማንጎ፥ ፓፓያ፥ ሙዝ፥ ዘይቱንና ሎሚ የሚወዱትም እንደዚህ ያለውን አየር ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። እንግዲህ የዚህ አገር ችግር የውሃ ማጣት ብቻ አይደለም፤ በክረምት እጅግ መብዛቱ፥ በበጋ ደግሞ መጥፋቱ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በደራ በጅግና፥ በፎገራም በሻጋ በነበሩ የገበሬዎች ማኅበራት፥ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ባሉበት ሩዝ ተሞከረ። ኤክስ ጅግና የተባለውም ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ሥፍራ ነው። ከዚያ ወዲህ በክረምት ውሃ ይዞት ብዙ ጥቅም የማይሰጥ የነበረው መሬት ሩዝ አብቃይ ሆነ፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላም በቀረው እርጥበትና በመስኖ ሽንኩርትና ጓያ ይዘራበታል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ገንዘብ ወደ ቤት መግባቱ ብቻውን የልጁን ሳህን አያሻሽልም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 46 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ የከፋ ቁጥር ነበረ። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ልጅ የሚቀጭጭበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ማዕዱ እህል ብቻ መሆኑ ነው።

ጓሮን በተክል ማደላደል ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም። ከአንበሳሜ እምብዛም ሳይርቅ፥ በጣና ደቡብ ዳር ያለው የዘጌ ደሴት መሰል አገር ምስክር ነው። በዘጌ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጌሾውና ሎሚውም ከእርሱ ጋራ ተቀላቅሎ ይገኛል። ቤቱና ተክሉ አልተለያዩም። ትውፊቱ እንደሚለው እነዚህ ሦስቱ ተክሎች የተገኙት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። በዚያ አገር በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ስለ ነበረ፥ ደኑ በዙሪያው ያለው አገር ሲራቆት እርሱ ቆየ። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ ሲመዘገብ ዘጌም በውስጡ ነበረ። በደቡብ አገራችን የጌዴኦ ሕዝብ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አንድነት የሚተክልበት መሬት በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከአገራችን ውጭም በኪሊማንጃሮ ተራራ ተዳፋት የሚኖሩት የቻጋ ሕዝቦች ሙዝና ቡና ከረጃጅም ዛፎች በታች ይተክላሉ፤ የጃቫ ደሴት ሰዎችም ፔካራንጋን የሚሉት ጓሮ በዚሁ ሥርዓት የተሠራ ነው። በእኛም ወገን በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንሰት በጎንደር አካባቢ እንደሚበቅል ጽፎ ሥዕሉን አትሟል። ዛሬ በዚህ አገር ኮባው የሚፈለገው ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ብቻ ነው፤ ሥሩ ምግብ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጓሮ የሚደላደለው በችግኝ አይደለም፤ በውሃና በአጥር ነው። ይህን የምንለው በየዓመቱ ክረምት ብዙ ሺህ ችግኝ ለገበሬው ሲታደል፥ በተተከለ ጊዜም በመዝገብ ሲገባ እያየን፥ መጋቢት ሲደርስ ግን በዚያው ሥፍራ የደረቀ እንጨት የሚገኝ ስለ ሆነ ነው። በሐምሌ የሚቆጠረው የተተከለው ነው፤ የጸደቀው የሚታወቀው በመጋቢት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ለአንድ የፍሬ ችግኝ በደረቁ ወራት በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃዋል ብለን ብናስብ፥ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ 26 ሳምንት አለ። እንግዲህ 10 ችግኝ 260 ጀሪካን፥ ማለት 5,200 ሊትር ይፈልጋል። ለአንድ ቤት 50 ችግኝ የሰጠ ሹም ግን 1,300 ጀሪካን አዝዟል፤ ይኸውም በየቀኑ 7 ጀሪካን ያህል ማለት ነው። ይህን የሚሸከመው ማን ነው? ሹሙም አይደለም፥ ባልየውም ብዙ ጊዜ አይደለም። የቤቱ እመቤትና ልጆችዋ ናቸው፤ እነርሱም ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን ውሃ አስቀድመው ተሸክመዋል። ስለዚህ ችግኙ ቢደርቅ የሕዝቡ ስንፍና ነው ማለት ትክክል አይደለም።

በአንጻሩ ከቆርቆሮ ቤት ጣራ ላይ የሚወርደው ውሃ ብዙ ነው። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ፥ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚዘንብበት አገር፥ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ38,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል። ጣራው ሳይሆን ማጠራቀሚያው ነው የሚያንሰው። በደራው ተዳፋት ላይ 2 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ፥ በውስጡ ላስቲክ የተለበሰ ጉድጓድ 6,000 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ለ10ሩ ችግኝ የበጋ ውሃ ነው። አሸንዳው ከጉድጓዱ ጋራ ይገናኝ፤ ጉድጓዱም በጽኑ ክዳን ይዘጋ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ ውሃውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ ከዚህም የባሰው ሕፃን ሊወድቅበት ይችላል። በፎገራ ሜዳ ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለ ሆነ በጥቂት ሜትር ጥልቀት የእጅ ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል።

ውሃውን መቆጠብም ጥበብ ነው። በችግኙ አጠገብ የሸክላ ማሰሮ ተቀብሮ ውሃ ቢሞላ፥ ውሃው በማሰሮው ግድግዳ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። በግንዱ ዙሪያ ድርቆሽ ወይም በወረታ ከሩዝ መፈልፈያ ቤቶች አጠገብ ተከምሮ የሚታየው የሩዝ ቅርፊት ቢነሰነስ መሬቱ ቶሎ አይደርቅም። ነገር ግን ቅርፊቱ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ያለዚያ ምስጥ ይጠራል። የእጅና የዕቃ እጣቢ ውሃም በከንቱ አይደፋ። ወደ ሙዙና ወደ ሸንኮራ አገዳው በትንሽ ቦይ ይመራ፤ ለቅጠላ ቅጠሉ ግን አይጠጣ።

አጥሩ ሁለተኛው ነገር ነው። መከር ከገባ በኋላ ከብቱና ፍየሉ ልቅ ሆኖ ስለሚሰማራ፥ አጥር የሌለው ጓሮ ለፍየል የተዘጋጀ ምግብ ነው። በየዓመቱ እሾህ ቆርጦ ማጠር ዛፍ ይፈጃል፥ ድካሙም አያልቅም፤ ሕያው አጥር ይሻላል። ቅንጭብና ቁልቋል በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው፤ ደማቸው ግን ዓይንን ስለሚያጠፋ ልጆች በሚጫወቱበት በኩል ባይተከሉ መልካም ነው። ይልቁንም አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ፍየልን ይከለክላል፥ ፍሬያቸውን ልጆች ይበሉታል፥ አበባቸውንም ንብ ይቀስመዋል። በእነዚህ መካከል ጥቂት የጌሾ እግር ቢገባ እመቤቲቱ ለጠላዋ ከገበያ አትገዛም።

ውሃና አጥር ከተሰናዱ በኋላ መሬቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የደራው ተዳፋትና የፎገራው ሜዳ አንድ ዓይነት ጓሮ አይሠራባቸውምና። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ ለችግኙ 60 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ፥ የላይኛው አፈር ከፍግ ጋራ ተቀላቅሎ ይመለስበታል፤ በታችኛውም ወገን ጎርፉን የሚያግድ የግማሽ ጨረቃ ክትር ይደረግለታል። በሜዳው ዋልካ ላይ ግን እንደዚህ ያለ ጉድጓድ ቢቆፈር ክረምቱን ውሃ ሞልቶ የችግኙ መቃብር ይሆናል። በዚያ ሥፍራ መቆፈር ሳይሆን መቆለል ነው የሚያስፈልገው። አፈሩ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ቁልል ይከመር፥ በዙሪያው ፈሰስ ይውጣለት፥ ችግኙም በቁልሉ አናት ላይ ይተከል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀለቁበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህ ከንቱ ድካም ነው አይልም።

ተክሎቹም በውሃ ረገድ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ፓፓያ ሥሩ ለሁለት ቀን ያህል በውሃ ቢሸፈን ይሞታል። አቡካዶም እንዲሁ ሥሩ የሚበሰብስ ስለ ሆነ ለሜዳው አይመከርም፤ ለአንበሳሜ ወገን ግን እጅግ የተስማማ ነው። ማንጎ ለአጭር ጊዜ ይታገሣል፤ ዘይቱን ከሁሉ ይልቅ ይችላል። በሜዳው ለሚኖር ቤተ ሰብ የመጀመሪያው ዛፍ ዘይቱን ቢሆን እንመርጣለን።

ቀጥሎ የፀሐይ ነገር ነው። አገራችን ከምድር ሰቅ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ስለ ሆነች፥ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ አዘንብላ ትሄዳለች። አትክልት የሚለማውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንጎና አቡካዶ፥ ዋንዛም ቢሆን፥ በጓሮው በሰሜንና በምዕራብ በኩል ቢተከሉ፥ ጥላቸው በአትክልቱ ላይ አይወድቅም፤ ከቀትር በኋላ ያለውን የመጋቢትን ግለትም ከቤቱ ላይ ይከላከላሉ። የአትክልቱ መደብ በደቡብና በምሥራቅ ይሁን። ቡናው ጥላ ስለሚወድ ከዋንዛው ሥር ይግባ።

የቤቱ እመቤት እጅ የሚደርስበትም መጠን ይታሰባል። በየቀኑ የሚቀነጠሰው ነገር ከማጀቱ በር አሥር እርምጃ መራቅ የለበትም፦ ጎመን፥ ቃሪያ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ በሶብላ፥ ኮሰረት፥ ጤና አዳም። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፥ ከግራና ከቀኝ ሆኖ ሳይረግጡ ማረም ይቻላል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጎበኙት ፓፓያና ሙዝ ከዚያ አልፈው ይሆናሉ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀሙት ማንጎና ቡና በዳር። ዱባና ቅል በአጥሩ ላይ ይሳቡ። 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ጓሮ፥ ቤቱ ተቀንሶ፥ አንድ ማንጎ፥ አንድ አቡካዶ ወይም ዘይቱን፥ ሁለት ሎሚና ብርቱካን፥ አራት ፓፓያ፥ አንድ የሙዝ ቁጥቋጦ፥ አሥር የሚሆን ቡናና አራት የአትክልት መደብ ሳይጨናነቅ ይችላል። ሰው ግን ችግኝ ትንሽ በሆነ ጊዜ ዛፍ መሆኑን ይረሳል፤ ማንጎን ከማንጎ በ3 ሜትር የሚተክል ብዙ ነው። ከ8 እስከ 10 ሜትር ያስፈልገዋል።

ስለ ጥቂቶቹ ተክሎች ዝርዝር እንጨምር። ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ለማፍራት ከ6 ዓመት በላይ ሲያስጠብቅ፥ በቅርንጫፍ የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል። ከሌላ አገር የሚመጣ የማንጎ ችግኝ ግን ቅጠሉ አስቀድሞ ይታይ። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ የታየው ነጭ ቅርፊታም ነፍሳት ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገር የተዛመተ ሲሆን ከመዛመቻው መንገድ አንዱ ይኸው ችግኝ ነው። ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ችግኝ ሆኖ ሳለ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ተተክሎ አበባ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ወንዴ ነው፥ ከግንዱ ተጠግቶ ትልቅ ሆኖ የሚወጣው ሴቴ። ወንዴው ለአሥር ሴቴ አንድ በመንደሩ ቢቀር ይበቃል። የሙዝ ቁጥቋጦ ደግሞ እናቲቱ፥ ልጅዋና የልጅ ልጅዋ ብቻ ቀርተው የቀሩት ሲነሡ ዘለላው ያምራል፤ የተነሡትም ለጎረቤት ችግኝ ናቸው።

ፍግን በተመለከተ ይህ አገር ድሀ አልነበረም፤ የፎገራ ከብት በኢትዮጵያ የታወቀ ዘር ነው። ዛሬ ግን የግጦሹ መሬት ሩዝ ሆኖ ከብቱ ቀንሷል፥ የተገኘውም እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ከጓሮው ዛፍ የሚገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ ቢተካ፥ ጥቂቱ እበት እንኳ ወደ ብስባሹ ይመለሳል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለገንዘብ ይጠቅማል፤ በጓሮ ውስጥ ግን እንግዳ ሳይሆን ወራሪ ነው፥ ከአትክልቱ 20 ሜትር ያህል ቢርቅ ይሻላል። ለሽንኩርትና ለጫት ማሳ የሚረጨው መድኃኒት በጎመንና በቃሪያ ላይ ፈጽሞ አይረጭ፤ መርጫውም በቤቱ የውሃ ዕቃ አይታጠብ።

ይህ ሁሉ ለማዕዱ ሲታሰብ ከዓመቱ ወራት ጋራ መስማማት አለበት። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማሉ፤ ሕፃናት ጾም ባይገባቸውም የሚበሉት ከዚያው ከቤቱ ድስት ነው። በዐቢይ ጾም ጊዜ መሬቱ ደረቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጎመኑ በእጣቢ ሳይሆን ከማጠራቀሚያው በተቀዳ ውሃ ከቆየ፥ በመስከረምና በጥቅምት የተቆረጠው ዱባም በደረቅ ሥፍራ ከተቀመጠ፥ የልጁ ሳህን ባዶ ሽሮ አይሆንም። ማንጎው ከሚያዝያ ጀምሮ ይደርሳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጎተራው በሚሳሳበት ወራት ደግሞ የጓሮው እሸት በቆሎ፥ የዱባው ቅጠልና ጎመኑ ይደርሳሉ። ፓፓያና ሙዝ ውሃ ካገኙ ወር አይመርጡም። የበሰለ ማንጎና ፓፓያ፥ ቢጫው ዱባና አረንጓዴው ጎመን ለሕፃናት ዓይንና ጤና የሚያስፈልገው ቪታሚን ኤ መገኛ ናቸው፤ ጥቂት ዘይት ሲጨመርም ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል።

ክቡራን ሹማምንት ሆይ፥ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ እጦት በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ተስማምቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ያስተክላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥፍራ የገበሬው ጓሮ ነው፤ ለሁለቱም የሚሆነው ትእዛዝ ግን የተለየ ነው። ችግኙ ከመታደሉ በፊት በግንቦት ወር የቀበሌው ባለሙያ ቤት ለቤት ሄዶ ውሃው ከወዴት እንደሚመጣ፥ አጥሩም የተዘጋ መሆኑን ይመልከት፤ ችግኙም በቤቱ ውሃ ልክ ይመደብ፥ ለሁሉም በእኩል አይታደል። የትኛው ዛፍ እንደሚመረጥ የቤቱ እመቤት ትጠየቅ፤ ባልየው በስብሰባ ስለ ተገኘ እርስዋ የተስማማች አይምሰለን።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢም በዚሁ ሥርዓት ይሰናዳ። በብዙ መሥሪያ ቤት ግቢ ውሃ እየጠጣ የሚኖረው ሣርና የአበባ አጥር ነው፤ በአንድ ጥግ በቁልል ላይ የተተከለ ዘይቱን፥ አሸንዳው ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ጣራና የአጋም አጥር ቢኖር፥ ለጉዳይ የመጣ ገበሬ ተራውን ሲጠብቅ አይቶ ይማራል። በመዝገቡም ላይ በሐምሌ ከሚጻፈው ቁጥር አጠገብ ሌላ ዓምድ ይሰመር፤ በዚያም በመጋቢት መጨረሻ በሕይወት ያለው ችግኝ፥ ውሃ የሚቀዳለት ሥፍራ ርቀትና የአጥሩ ዓይነት ይሞላ። ከዚያ ዓምድ የጎደለው ቤት በሚቀጥለው ዓመት ችግኝ ሳይሆን አስቀድሞ አሸንዳና የአጋም ዘር ይሰጠው።